ዝቅተኛ ደረጃ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ፦ የማዘጋጃና የማሸጊያ ዘዴዎችን ለመምረጥ የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

አንድ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ ከተጠቀመበት ነዳጅ ሌላ በየቀኑ የሚወጣ ቆሻሻ አለው። የሠራተኞች ጓንትና ቱታ፣ የወለል መወልወያ ጨርቅ፣ የላስቲክ መሸፈኛ፣ የተቀየረ ቧንቧና ቫልቭ፣ ውሃ ሲያጣራ የቆየ ሬዚን (ከውሃው ብክለቱን የሚይዙ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች)፣ የማጣሪያ ካርትሬጅ፣ ከማትነኛው (ውሃውን በሙቀት አትንኖ ከሚለየው መሣሪያ) ግርጌ የሚቀር ወፍራም ፈሳሽ፣ ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚወድቀው ዝቅተኛ ደረጃ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ በሚባለው ምድብ ውስጥ ነው። 1,000 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በዓመት ከ200 እስከ 350 ሜትር ኩብ የሚደርስ ዝቅተኛና መካከለኛ ደረጃ ቆሻሻ እንደሚያወጣ ይገመታል። ከኒውክሌር ዘርፍ ከሚወጣው ቆሻሻ ሁሉ ዝቅተኛው ደረጃ በይዘት 90 በመቶ ያህሉን ሲሸፍን፣ ከራዲዮአክቲቭነቱ የሚይዘው ግን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ብዙ ቦታ የሚይዝ፣ በአንጻሩ ደካማ የሆነ፣ ሆኖም ለብዙ አሥርተ ዓመታት በጥንቃቄ ሊያዝ የሚገባው ቆሻሻ ነው።

ይህን ቆሻሻ ለማዘጋጀትና ለማሸግ የሚቀርቡት አማራጮች ብዙ ናቸው፤ መጭመቅ፣ ማቃጠል፣ ማቅለጥ፣ በሲሚንቶ ወይም በሬንጅ ማጠጠር፣ ውሃውን አንጠፍጥፎ በጠንካራ ዕቃ ማሸግ፣ ወደ መስታወት መለወጥ ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። አቅራቢዎች አስቀድመው የሚያሳዩት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻው ስንት እጥፍ እንደሚቀንስ የሚገልጸው ነው። ቁጥሩ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን ሲወሰድ ያሳስታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሳው ከመጨረሻው ጫፍ ነው፤ ጥቅሉን በስተመጨረሻ የሚረከበው ማን ነው፣ የሚቀበለውስ በምን ሁኔታ ሲቀርብለት ነው? ይህ ከታወቀ በኋላ ነው ወደ ኋላ እየተመለሱ ዘዴውን መምረጥ የሚቻለው።

መመዘኛዎቹ

ገዢው መመዘኛ የማስወገጃ ጣቢያው የቅበላ መስፈርት ነው። በአሜሪካ ደንብ ለምሳሌ በካርቶን ሣጥን የታሸገ ቆሻሻ አይቀበርም። ከቆሻሻው ጋር ሳይያያዝ በዕቃው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነጻ ፈሳሽ፣ ለመረጋጋት ተብሎ በተሠራ ዕቃ ውስጥ ከሆነ ከይዘቱ 1 በመቶ፣ ተጠጥሮ የተረጋጋ ቅርጽ ከያዘ ደግሞ 0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ቢ እና ሲ ተብለው የተመደቡት ጠንከር ያሉ ቆሻሻዎች ቅርጻቸውን ለ300 ዓመት ይዘው እንዲቆዩ ይጠበቃል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የምደባ መመሪያም ረጅም ዕድሜ ላላቸው አልፋ አመንጪዎች (አልፋ የተባለውን ጨረር ለሚያወጡ ንጥረ ነገሮች) በአማካይ 400 ቤኬሬል (የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ) በግራም፣ በአንድ ነጠላ ጥቅል 4,000 ቤኬሬል በግራም የሚል ወሰን በአንዳንድ አገሮች እንደሚሠራበት ተጠቅሷል። እነዚህን ቁጥሮች ሳያውቁ መሣሪያ መግዛት በሩን ሳይለኩ ዕቃ እንደ ማሠራት ነው።

በሩ ሊዘጋ እንደሚችልም መታሰብ አለበት። በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና የሚገኘው የባርንዌል መቅበሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 አጋማሽ ከሦስት ግዛቶች በስተቀር የሌሎችን ቆሻሻ መቀበል ሲያቆም፣ በ36 ግዛቶች የሚገኙ አምራቾች ለቢ እና ሲ ምድብ ቆሻሻቸው መውጫ አጡ። በቴክሳስ አንድሩስ አውራጃ አዲስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪከፈት ድረስ ሬዚናቸውንና ማጣሪያቸውን በየግቢያቸው ማቆየት ግድ ሆነባቸው። ሁለተኛው መመዘኛ ከዚህ ይመነጫል፤ ዘዴው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል ወይ? ውሃው ተንጠፍጥፎ በዕቃ የተቀመጠ ሬዚን ነገ ሌላ መስፈርት ቢመጣ ወጥቶ በሌላ መንገድ ሊዘጋጅ ይችላል። ሲሚንቶ ውስጥ የገባ ግን አንዴ ገባ ማለት ነው።

ሦስተኛው የቆሻሻው ኬሚስትሪና በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ማንነት ነው። አራተኛው ይዘት መቀነስ የሚያስከትለው መከማቸት ነው፤ ራዲዮአክቲቭነት በመጨመቅም ሆነ በመቃጠል አይጠፋም። ቦታው አሥር እጥፍ ሲጠብ በዚያው መጠን በአንድ ግራም ወይም በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ይጨምራል፤ ከዚህም የተነሳ በርካሹ ምድብ ይቀበር የነበረ ቆሻሻ ወደ ውዱ ምድብ ሊሻገር ይችላል። አምስተኛው ሠራተኛው የሚያገኘው የጨረር መጠን ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ነው። እዚህ ላይ መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ከሚገኘው ይልቅ ለጥገና ሲከፈት የሚገኘው መጠን ብዙ ጊዜ እንደሚዘነጋ ማስታወስ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ወጪ ነው፤ ይህም የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዕቃውን፣ የማጓጓዣውን፣ የመቅበሪያውን፣ ከሂደቱ የሚወጣውን ተጨማሪ ቆሻሻ፣ እንዲሁም መሣሪያው ራሱ አንድ ቀን ቆሻሻ ሆኖ የሚወገድበትን ወጪ ይጨምራል።

ከመሣሪያ በፊት፦ መለየትና ማቆየት

ከሁሉም አማራጮች ርካሹ ቆሻሻው እንዳይፈጠር ማድረግ፣ ከዚያም ከምንጩ መለየት ነው። ወደ ቁጥጥር ቀጠና የሚገባ ዕቃ ማሸጊያው ውጭ ተፈትቶ ቢገባ፣ የሚታጠብ ቱታ በሚጣለው ፋንታ ቢመረጥ፣ የሚቃጠለው፣ የሚጨመቀውና ብረቱ በየራሱ ከረጢት ቢገባ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ ይቀላል። ተለክቶ ከወሰን በታች መሆኑ የተረጋገጠው ደግሞ ከቁጥጥር ነጻ ሊወጣ ይችላል። በጣቢያ ቆሻሻ ውስጥ ለሚገኙት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች፣ ለኮባልት-60ም ሆነ ለሲዚየም-137፣ የኤጀንሲው መመዘኛ በግራም 0.1 ቤኬሬል ነው።

ማቆየት ዘዴ የማይመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ዘዴ መሆኑን ግን ቁጥሩ ያሳያል። በላዩ ላይ በሰዓት 50 ሚሊሲቨርት የሚለካ የማጣሪያ ካርትሬጅ እንውሰድ። ጨረሩ የሚመጣው ግማሽ ዕድሜው (ራዲዮአክቲቭነቱ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 5.27 ዓመት ከሆነው ከኮባልት-60 ብቻ ቢሆን፣ ከ26 ዓመት በኋላ ወደ 1.6 ሚሊሲቨርት ይወርዳል፤ ይህም ለተራ ጥቅል ማጓጓዣ ከተፈቀደው 2 ሚሊሲቨርት በታች ነው። ያው ካርትሬጅ በኮባልቱ ፋንታ ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት የሆነው ሲዚየም-137 ቢኖርበት ኖሮ በዚያው ጊዜ ገና 27 ሚሊሲቨርት ገደማ ላይ ይገኛል። ስለዚህ «እናቆየው» የሚለው ውሳኔ ትክክል የሚሆነው በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ደረቅ ቆሻሻ

*በበርሜል ውስጥ መጭመቅ።* ቀላሉና ርካሹ ነው። ከረጢቶቹ ባለ200 ሊትር በርሜል ውስጥ ይገባሉ፣ የመሣሪያው ገፊ ከላይ ይጫናቸዋል፣ ሌላ ከረጢት ይጨመራል። ይዘቱ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይቀንሳል። ላስቲክና ጎማ ጫናው ሲነሳ መልሰው ስለሚያብጡ፣ ንብርብሩ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚይዝ ቆላፊ ሳህን ያለው መሣሪያ ይመረጣል። በተጨማሪም ሲጨመቅ የሚወጣው አየር ብናኝ ይዞ ስለሚመጣ፣ መሣሪያው በራሱ የአየር ማጣሪያ ካልተከለለ ሠራተኛው የሚተነፍሰው እሱን ነው።

*ከፍተኛ ጫና ያለው መጭመቂያ።* ከ1,000 እስከ 2,000 ቶን በሚደርስ ኃይል በርሜሉን ከነቆሻሻው ያደቅቀዋል። አሠራሩን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የበርሜሉ ክዳን በመጀመሪያ ይበሳል፣ አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ካላገኘ በርሜሉ ይፈነዳልና። ከዚያ በወፍራም ብረት ቀለበት ውስጥ ይገባል፤ ገፊው ሲወርድ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው ቁመት ወደ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የእያንዳንዱ ጠፍጣፋ ቁመት ተለክቶ፣ የትኞቹ ተደራርበው የውጩን ትልቅ በርሜል ክፍተት ሳያስቀሩ እንደሚሞሉት በስሌት ይመረጣል፤ በመካከላቸው የቀረው ቦታ በቀጭን የሲሚንቶ ልቁጥ ይሞላል። ከመነሻው ሲሰላ ቅነሳው ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ጠላቱ ፈሳሽ ነው። «ደረቅ» ተብሎ በተጻፈበት በርሜል ውስጥ አንድ የተረሳ ጠርሙስ ወይም ያልደረቀ መወልወያ ቢኖር፣ ጭማቂው ወጥቶ መሣሪያውን ይበክላል፤ የሚረጭ ቆርቆሮ ወይም ባትሪ ቢገኝበት ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። ስለዚህ ከመጭመቅ በፊት ይዘቱን በኤክስሬይ ማየት ወይም በመለያ ጠረጴዛ ላይ መዘርገፍ እንደ ትርፍ ወጪ ሊቆጠር አይገባም። መሣሪያው ውድ በመሆኑ ብዙ ጣቢያዎች የሚጠቀሙት የጋራውን ወይም በተሽከርካሪ ተጭኖ የሚመጣውን ነው።

*ማቃጠል።* ለወረቀት፣ ለጨርቅ፣ ለእንጨትና ለዘይት ከማቃጠል የሚበልጥ ቅነሳ የሚሰጥ የለም፤ እንደ ቆሻሻው ዓይነት እስከ 100 እጥፍ ይደርሳል። አስቸጋሪውን የተበከለ ዘይት የሚቀበል ዘዴ መሆኑም ሌላው ጥቅሙ ነው። ነገር ግን አመዱ የተከማቸ ነው፣ በቀላሉ የሚቦንም ነው፣ ራሱ እንደገና መጠጠር ወይም መጨመቅ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቅነሳ በማስታወቂያው ላይ ከሚታየው ያንሳል። ፒቪሲ ላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የጋዝ ማጽጃውን ይበላል፤ በጋዝ መልክ የሚወጡት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ትሪቲየምና ካርቦን-14 ደግሞ ብናኝ በሚይዝ ማጣሪያ አይያዙም። ከዚህም በላይ አንድ ጣቢያ ብቻውን የሚያወጣው ቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃን ዓመቱን ሙሉ ለማሠራት አይበቃም። በስዊድን ስቱድስቪክና በፈረንሳይ ሴንትራኮ ያሉት ምድጃዎች የብዙ ደንበኞችን ቆሻሻ የሚቀበሉት ለዚህ ነው። በእኔ አመለካከት ለአንድ ጣቢያ የራሱን ማቃጠያ መሥራት በተግባር የማይመከር ሲሆን፣ በጋራ ማቃጠያ መገልገል ግን አመዱ ተመልሶ ለማን እንደሚሆን በውል ከተጻፈ ጥሩ ምርጫ ነው።

*ብረት ማቅለጥ።* ለቧንቧ፣ ለቫልቭና ለትላልቅ ክፍሎች ይሆናል። ሲቀልጥ ሲዚየም ወደ ዝቃጩና ወደ ብናኙ ይሄዳል፣ ኮባልት ከብረቱ ጋር ይቀራል፤ ብረቱ ወጥ ስለሚሆን መለካት ይቀላል፣ ለጨረር መከለያ ብሎክም ይውላል። ይህም በጋራ ማዕከል የሚሠራ እንጂ በጣቢያ ውስጥ የሚተከል አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 በሴንትራኮ የማቅለጫ ምድጃ ላይ የደረሰው ፍንዳታ የአንድ ሠራተኛ ሕይወት ቀጥፏል፤ የቀለጠ ብረት አደጋ ከጨረሩ ያላነሰ እንደሆነ አይዘንጋ።

እርጥብ ቆሻሻ

አስቸጋሪው ምርጫ ያለው እዚህ ነው። ከዚህ ቆሻሻ ራዲዮአክቲቭነት አብዛኛውን የሚሸከሙት ሬዚኑና ማጣሪያው ናቸው፤ ይዘታቸው ግን ከደረቁ ያነሰ ነው።

*ሲሚንቶ።* በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ማጠጠሪያ ነው። ጥሬ ዕቃው በየትም ይገኛል፣ በክፍል ሙቀት ይሠራል፣ አይቃጠልም፣ ራሱ ጨረር ይከልላል፤ ከፍተኛ አልካላይነቱም ብዙ ብረታ ብረቶች እንዳይሟሙ ይረዳል። በተለመደው አሠራር ቆሻሻው፣ ሲሚንቶውና ውሃው በርሜሉ ውስጥ ተጨምረው በመቀላቀያ ይማሰላሉ፤ ብዙ ጊዜ መቀላቀያው ታጥቦ ከመበከል እዚያው በርሜሉ ውስጥ ይተዋል።

ሲሚንቶ ቀላል የሚመስለው ግን ከሩቅ ነው። ግፊት ባለው ውሃ የሚሠራ ሬአክተር ከማትነኛው የሚያወጣው ፈሳሽ ቦሪክ አሲድ አለበት፤ ከአሲዱ የሚገኘው ቦሬት በሲሚንቶው ቅንጣት ላይ ሽፋን እየሠራ መርጋቱን ያዘገያል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ያግደዋል። መፍትሔው አስቀድሞ ኖራ መጨመር ወይም ሌላ ዓይነት ሲሚንቶ መምረጥ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው የሬዚን እንክብሎች ውሃ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ሲያጡ ይሟሽሻሉ፤ ብዛታቸው ከልክ ካለፈ የደረቀውን ብሎክ ከውስጥ ይሰነጥቁታል። አሉሚኒየም የተቀላቀለበት ቆሻሻ ደግሞ በአልካላዩ ውስጥ ሃይድሮጂን ጋዝ ያመነጫል። ሬዚን የሚጨመርበት መጠን ስለዚህ የተገደበ ነው፤ ይዘቱም ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ያድጋል። 10 ሜትር ኩብ ሬዚን ወደ 20 ሜትር ኩብ ቢያድግ ቢያንስ 100 ባለ200 ሊትር በርሜል ያስፈልገዋል፤ እያንዳንዱ በርሜልም ወደ 400 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ማንሻውና የመጋዘኑ ወለል ይህን መቻል አለባቸው።

ሲሚንቶን የሚመርጥ ሁሉ በራሱ ቆሻሻ ናሙና ይሞክር። አንድ ሊትር በማይሞላ ዕቃ ውስጥ ተለቁጦ ከ24 ሰዓት በኋላ ላዩ ላይ ውሃ ቆሟል ወይ? መርፌ ሲጫነው ይሰምጣል ወይ? ከ28 ቀን በኋላ በመጨመቂያ ሲፈተን ስንት ይችላል? ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ቆይቶስ ይሰነጠቃል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ ያልመለሰ የቅልቅል ቀመር ወደ ምርት መግባት የለበትም።

*ሬንጅ።* ቢቱሚን የሚባለው ነው። ውሃው እየተነነ ጨዉ በትኩስ ሬንጅ ይለበጣል፤ ከሲሚንቶ የበለጠ ቆሻሻ ይይዛል፣ ውሃም በቀላሉ አያስገባም። ጉዳቱ የሚቃጠል መሆኑ ነው። በጃፓን ቶካይ በሚገኘው የኒውክሌር ነዳጅ ዳግም ማቀነባበሪያ ጣቢያ የሬንጅ ክፍል እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1997 ጠዋት እሳት ተነሳ፤ ጠፋ ተብሎ ከታሰበ በኋላ በዚያው ዕለት ማታ ፍንዳታ ደረሰ። በውስጡ ያለው ጨው ውሃ ሲያገኝ፣ ሬዚኑም እንዲሁ፣ ብሎኩን ያሳብጠዋል፤ ጨረሩ ራሱም ጋዝ ያወጣበታል። ቀድሞ የተከሉት ጣቢያዎች ሊቀጥሉበት ይችላሉ፤ አዲስ ለሚመርጥ ግን ሌላ አማራጭ እያለ ወደዚህ የሚገባበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

*ፖሊመር።* ኢፖክሲና የመሳሰሉት እንደ ሙጫ የሚረጉ ቁሶች ሬዚንን ከሲሚንቶ በተሻለ መጠን ይይዛሉ፣ ማበጡንም ይቋቋማሉ። በፈረንሳይ መርኩር የሚባሉ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወሩ ሬዚኑን በኢፖክሲ ይዘው በኮንክሪት ዕቃ ውስጥ ያኖሩታል። ኬሚካሎቹ ውድ ናቸው፤ ሲረጉ ሙቀት ያወጣሉ፣ በመጋዘንም ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ የሠለጠነ ሠራተኛም ይፈልጋሉ።

*ውሃ አንጠፍጥፎ በጠንካራ ዕቃ ማሸግ።* እዚህ ሬዚኑ አይጠጥርም። በፖሊኤቲሊን ወይም በሌላ ዝገት በማይነካው ቁስ በተሠራ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ በግርጌው በተዘረጉ የማጣሪያ ቱቦዎች በኩል ውሃው ተደጋግሞ ይመጠጣል። በእንክብሎቹ ውስጥ ያለው እርጥበት ይቀራል፣ ነጻው ፈሳሽ ግን ከወሰኑ በታች መውረዱ በፈተና ይረጋገጣል። መረጋጋቱን የሚሰጠው እንግዲህ ዕቃው ነው። ይዘት አይጨምርም፣ ሥራው አጭር ነው፣ የሠራተኛው የጨረር መጠን ያነሰ ነው፣ ከሁሉም በላይ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ድክመቱም የታወቀ ነው፤ ፖሊኤቲሊን በረጅም ጊዜ ጫና ቀስ በቀስ ይለጠጣልና በባርንዌል በኮንክሪት ዕቃ ውስጥ ተደርጎ ነው የሚቀበረው፤ ሬዚኑ በጨረርና በባክቴሪያ ምክንያት ጋዝ ስለሚያወጣም ክዳኑ መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ጠጣር ብሎክ ካልሆነ የማይቀበል መቅበሪያ ባለበት አገር ደግሞ ዘዴው ጊዜያዊ ማቆያ እንጂ የመጨረሻ ጥቅል አይደለም።

*በሙቀት መበታተንና መስታወት ማድረግ።* ሬዚኑን በሙቀትና በእንፋሎት የሚበታትኑ ማዕከሎች ይዘቱን ብዙ እጥፍ ይቀንሱታል፤ ሆኖም ከሬዚኑ የሚወጣውን የድኝና የናይትሮጅን ጋዝ የሚያጸዳ ሥርዓት ይጠይቃሉ። ወደ መስታወት መለወጥ ጥራቱ ከሁሉም የላቀ ጥቅል ይሰጣል፤ ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 በቀድሞ ስሙ ኡልቺን በተባለው ጣቢያ ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ደረጃ ቆሻሻ ጀምራዋለች። ዋጋው ግን ብዙ ሬአክተር ለሌለው አገር የሚያዋጣ አይደለም።

አንድ ሌላ መንገድ ብዙ ጊዜ ከዝርዝር ይወጣል፤ ቆሻሻውን ሁሉ ከማጠጠር ይልቅ ጎጂውን ንጥረ ነገር ብቻ ነጥሎ ማውጣት። በፊንላንድ የሎቪሳ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከማትነኛው ፈሳሽ ሲዚየምን መርጦ በሚይዝ ቁስ በትናንሽ ዓምዶች ውስጥ ሲያስቀር ቆይቷል። ጨዋማ ፈሳሽ የሚበዛበት ጣቢያ ሲሚንቶ ከመግዛቱ በፊት ይህን ሊያጠና ይገባል።

ዕቃውና ጉዞው

ባለ200 ሊትር የብረት በርሜል ርካሽ፣ በየትም የሚገኝና ለመጭመቅ የሚመች ነው፤ በእርጥብ መጋዘን ግን ከውስጥም ከውጭም ይዝጋል፤ በተለይ ክሎራይድ ያለበትን እርጥብ ቆሻሻ ለረጅም ጊዜ መያዝ አይችልም። ትልቅ የብረት ሣጥንና ባለ20 ጫማ ኮንቴይነር ለቧንቧና ለፍርስራሽ ይሻላሉ፤ በእንግሊዝ ድሪግ በሚገኘው ጣቢያ ቁመታቸው የተቀነሰ ኮንቴይነሮች በሲሚንቶ ልቁጥ ተሞልተው በኮንክሪት ክፍሎች ውስጥ ይደረደራሉ። የኮንክሪት ዕቃ ጨረሩ ከፍ ላለ ሬዚንና ማጣሪያ ነው፤ ደቡብ አፍሪካም ከኩበርግ ጣቢያ ወደ ቫልፑትስ መቅበሪያ የምትልከውን በዚሁ መንገድ ከፋፍላ፣ ደካማውን በብረት በርሜል፣ ጠንከር ያለውን በኮንክሪት ዕቃ ታሽጋለች።

በመንገድ ላይ የሚሠራው ደንብ ከመቅበሪያው የተለየ ነው። በዓለም አቀፉ የማጓጓዣ ደንብ በጥቅሉ ላይኛ ገጽታ የሚለካው ጨረር በተለመደው ሁኔታ በሰዓት ከ2 ሚሊሲቨርት፣ ከተሽከርካሪው በ2 ሜትር ርቀት ደግሞ ከ0.1 ሚሊሲቨርት መብለጥ የለበትም። ጥቅሉ ይህን ካላሟላ መከለያ ያለው ማጓጓዣ ዕቃ መከራየት ግድ ይሆናል፤ የኪራዩ ወረፋ ሥራውን ሁሉ ሊያዘገየው ስለሚችል ከመጀመሪያው ይታሰብበት።

ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ

| ዘዴ | የሚስማማው ቆሻሻ | ይዘቱ | ወደ ኋላ መመለስ | የመነሻ ወጪ | ዋናው ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| በበርሜል መጭመቅ | ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ ወረቀት | ከ3 እስከ 5 እጥፍ ይቀንሳል | ይቻላል | ዝቅተኛ | ብናኝ፣ መልሶ ማበጥ |
| ከፍተኛ ጫና | ማንኛውም ተጨማቂ ደረቅ ቆሻሻ | ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይቀንሳል | በጣም ከባድ | ከፍተኛ፣ በጋራ ግን መካከለኛ | የተደበቀ ፈሳሽ |
| ማቃጠል | ተቃጣይ ቆሻሻ፣ ዘይት | እስከ 100 እጥፍ ይቀንሳል | አይቻልም | በጣም ከፍተኛ | የተከማቸ አመድ፣ ጋዝ |
| ማቅለጥ | ብረት | በጣም ይቀንሳል | አይቻልም | በጣም ከፍተኛ | ዝቃጭ፣ የምድጃ አደጋ |
| ሲሚንቶ | ዝቃጭ፣ የማትነኛ ፈሳሽ፣ ሬዚን | ሬዚን ሲሆን 2 እጥፍና በላይ ያድጋል | አይቻልም | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ቦሬት፣ ማበጥ፣ አሉሚኒየም |
| ሬንጅ | የማትነኛ ፈሳሽ | ከሲሚንቶው ያነሰ | አይቻልም | መካከለኛ | እሳት፣ ማበጥ |
| ፖሊመር | ሬዚን | በመጠኑ ያድጋል | አይቻልም | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | የኬሚካል ዋጋ፣ ሙቀት |
| አንጠፍጥፎ ማሸግ | ሬዚን፣ ማጣሪያ | አይለወጥም | ይቻላል | ዝቅተኛ፣ ዕቃው ግን ውድ | ነጻ ፈሳሽ፣ ጋዝ |
| መስታወት | ሬዚን፣ ተቃጣይ | በጣም ይቀንሳል | አይቻልም | እጅግ ከፍተኛ | የተወሳሰበ ጥገና |

ለማን የትኛው?

አንድ ወይም ሁለት ሬአክተር ብቻ ያለው፣ የመቅበሪያ ቦታም ገና ያልተወሰነለት ጣቢያ የማይመለስ ውሳኔ ከመወሰን ቢቆጠብ ይሻለዋል። ደረቁን በበርሜል ይጨምቅ፣ ሬዚኑን አንጠፍጥፎ በጠንካራ ዕቃ ያኑር፣ ገንዘቡን ደረቅና አየሩ የተስተካከለ መጋዘን ላይ ያውል። በዝገት የተበላሸን በርሜል እንደገና ማሸግ መጀመሪያ መጋዘኑን በደንብ ከመሥራት እጅግ ይበልጥ ውድ ነው፤ የሠራተኛንም ጨረር ይጨምራል።

መቅበሪያ ያለው፣ ክፍያውም በሜትር ኩብ የሚታሰብበት ጣቢያ በከፍተኛ ጫና ለመጭመቅና የሚቃጠለውን ወደ ጋራ ምድጃ ለመላክ ጥሩ ምክንያት አለው። ክፍያው በራዲዮአክቲቭነት መጠን ወይም በምድብ የሚታሰብ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ይዘት መቀነስ የሚያተርፈው ቦታ ምድቡ በመጨመሩ ይበላል። ያው ቆሻሻ በሁለት አገር ሁለት የተለያየ ትክክለኛ መልስ ሊኖረው የሚችለው ለዚህ ነው።

በጀቱ ጠባብ ሆኖ መቅበሪያው ጠጣር ብሎክ የሚጠይቅ ከሆነ ሲሚንቶ ይመረጥ፤ ከመሣሪያው ግዢ ቀድሞ ግን ቤተ ሙከራና አንድ ጥሩ የሲሚንቶ ኬሚስት ይኑር። ብዙ ሬአክተሮች ያሉትና የረጅም ጊዜ ዕቅድ ያለው ድርጅት የተንቀሳቃሽ ፖሊመር ወይም የማዕከላዊ ሙቀት ሕክምናን ቢያጠና ተገቢ ነው። ሥራ አቁሞ ወደ ማፍረስ የሚሄድ ጣቢያ ትኩረቱ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚበዛው ብረትና ኮንክሪት ስለሆነ ማቅለጥ፣ ከቁጥጥር ነጻ ማውጣትና ትላልቅ ኮንቴይነሮች ከበርሜል መጭመቂያ ይቀድማሉ።

የትኛውም ቢመረጥ አንድ ሥራ ከማጠጠሩ በፊት ማለቅ አለበት፤ እርሱም ናሙና መውሰድ ነው። ኮባልት-60 እና ሲዚየም-137 ጋማ ስለሚያወጡ ከበርሜሉ ውጭ ይለካሉ። ኒኬል-63፣ ካርቦን-14፣ ቴክኒሺየም-99 እና አዮዲን-129 ግን ከውጭ አይታዩም፤ መጠናቸው የሚገመተው ቀደም ብሎ በቤተ ሙከራ ከተለካ ናሙና ከእነዚያ ከሚለኩት ጋር ባላቸው ንጽጽር ነው። የመቅበሪያውን የረጅም ጊዜ ደህንነት የሚወስኑት እነዚሁ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ሬዚኑ ሲሚንቶ ውስጥ ከገባ በኋላ ወጥ ናሙና ማግኘት እጅግ ከባድ ስለሚሆን፣ ከእያንዳንዱ ጋን የተወሰደው ናሙና፣ የተወሰደበት ቀን፣ ውጤቱና የገባበት በርሜል ቁጥር በአንድ መዝገብ ላይ ይቀመጥ፤ የመዝገቡም ሁለተኛ ቅጂ ከጣቢያው ውጭ ይኑር። ከአቅራቢው ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥም ይህ መዝገብ እንደ ጥቅሉ ሁሉ የሚረከቡት ዕቃ ሆኖ ይጻፍ።